አንድ ግራጫ ትራክተር፣ ብዙ ሞተር

ሃሪ ፈርጉሰን በግብርና ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣው ትራክተርን ስለፈለሰፈ አይደለም፤ ትራክተርንና ማረሻን አንድ አካል ስላደረጋቸው ነው። ዕድሜውን የፈጀው በትራክተሩ የኋላ ክፍል ላይ ነው። ጉልበቱ የሚወጣበትን የፊቱን ክፍል ግን ከሰው ይገዛ ነበር። ለገበያ ካወጣቸው ትራክተሮች መካከል ሞተሩ በራሱ ፋብሪካ የተሠራ አንድም የለም። የዚህ መዘዝ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ሁለት ግራጫ ፈርጉሰኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ኮፈናቸው አንድ፣ ጎማቸው አንድ፣ መሪያቸው አንድ፤ የአንዱ ጋስኬት ግን ለሌላው አይሆንም። አሮጌ ትራክተር የሚጠግን ሰው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት “ይሄ የትኛው ነው?” ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መልሱን ለማግኘት ሞተሮቹ አንድ በአንድ እንዴት እንደመጡ ማወቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈርጉሰን በ1884 በሰሜን አየርላንድ፣ ዳውን በሚባለው አውራጃ፣ ድሮሞር አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የእርሻ ሥራ አልሆንልህ ስላለው በ1902 ወንድሙ ጆ ቤልፋስት ውስጥ ወደከፈተው ጋራዥ ገባ። የሞተር ሳይክል እሽቅድድም ተወዳደረ፤ ቀጥሎም አውሮፕላን ሠራ። በ1909 የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ በገዛ እጁ በሠራው አውሮፕላን ከመሬት ተነሥቶ በአየርላንድ ምድር የመጀመሪያው በራሪ ሆነ። ክንፉን ራሱ ሠራው፤ ሞተሩን ግን ጄኤፒ ከሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ገዛው። ልማዱ ገና ከዚያ ይጀምራል።

ወደ ትራክተር የመለሰው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታንያ ምግብ የሚያመጡትን መርከቦች እያሰጠሙ ስለነበር የታረሰ መሬት በአስቸኳይ መጨመር ነበረበት። በ1917 የአየርላንድ የግብርና ቦርድ በአገሩ ያሉት ትራክተሮች አሠራራቸው እንዲሻሻል ፈርጉሰንን መደበው። ዊሊያም ሳንድስ የሚባለውን ረዳቱን ይዞ ከእርሻ እርሻ ሲዞር ያየው ነገር ቀላል ግን ገዳይ ነበር። በዚያን ጊዜ ማረሻው በሰንሰለት ወይም በጋሪ መልክ ከትራክተሩ ኋላ ይጎተታል። ማረሻው ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር የያዘው እንደሆነ የኋላ ጎማው መሽከርከሩን አያቆምም፤ የትራክተሩ ፊት ወደ ሰማይ ይነሣና ሾፌሩ ላይ ይገለበጣል። በዚህ የሞተው ገበሬ ብዙ ነው።

የፈርጉሰን መፍትሔ ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር ማሰር፣ ማንሣቱንና ማውረዱን ደግሞ ለሃይድሮሊክ መስጠት ነበር። ከታች ሁለት ክንድ፣ ከላይ አንድ። ማረሻው መሬቱ ከብዶት ሲገፋ የላይኛው ክንድ የትራክተሩን ፊት ወደ ታች ይጫናል፤ ያ ገዳይ ጉልበት ተገልብጦ የፊት ጎማውን መሬት የሚያስይዝ ክብደት ይሆናል። ዛሬ ከማንኛውም ትራክተር ኋላ የምናየው ማንጠልጠያ ይኸው ነው።

ሐሳቡን ለማሳየት በ1933 አንድ ትራክተር ሠራ። ጥቁር ስለተቀባ “ጥቁሩ ትራክተር” ይባላል፤ ሞተሩ ከአሜሪካው ሄርኩለስ ኩባንያ ነበር። በ1936 ደግሞ የእንግሊዙ ማርሽ ሠሪ ዴቪድ ብራውን ትራክተሩን ለገበያ ሊያመርትለት ተስማማ። ይህ ትራክተር ዓይነት ኤ ይባላል፤ የሞተር መለየት ጣጣም የሚጀምረው ከእሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶዎች ላይ የተገጠመው የኮቨንትሪ ክላይማክስ ሞተር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዴቪድ ብራውን ራሱ የሠራውን መግጠም ጀመረ። ጠቅላላው ምርት 1,350 ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ሁለት ዓይነት ሞተር ነበረው ማለት ነው። ሽርክናው ብዙ አልቆየም። ዴቪድ ብራውን ከበድ ያለ ትራክተር ፈለገ፤ ፈርጉሰን ደግሞ በዲዛይኑ ላይ አንዲት ነገር አታስነኩብኝ የሚል ሰው ነበር።

በኦክቶበር 1938 ፈርጉሰን ትራክተሩን በመርከብ ጭኖ አሜሪካ፣ ዲርቦርን ወደሚገኘው የሄንሪ ፎርድ መኖሪያ ወሰደው። ሜዳው ላይ አርሶ አሳየው። ፎርድ ከዚያ በፊት ፎርድሰን የሚባለውን ትራክተር በመቶ ሺዎች ያመረተና በኋላም አሜሪካ ውስጥ ያቋረጠ ሰው ነው፤ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ገብቶታል። ሁለቱ ሰዎች ያለ ምንም የጽሑፍ ውል እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ሽርክና መሠረቱ፤ ፈርጉሰን ፈጠራውንና ሽያጩን፣ ፎርድ ፋብሪካውን ያመጣል። እንደኔ እንደኔ በዚያ ዘመን ከነበረው የንግድ ድፍረት ሁሉ የሚበልጠው ይህ መጨባበጥ ነው፤ ኋላ ያመጣውን ሙግት ስናይ ደግሞ ከሞኝነትም ይቆጠራል።

በ1939 የወጣው ፎርድ 9ኤን የፎርድን ሞተር ለበሰ። ፎርድ አዲስ ሞተር ከመንደፍ ይልቅ ለመርከሪ መኪናው ያመርተው የነበረውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ልክ ወስዶ በግማሹ ሠራው፤ 239 ኪዩቢክ ኢንች የነበረው ወደ 120 ወረደ፤ ሲሊንደሩም አራት ሆነ። ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን፣ ብሎኩ ውስጥ ስለነበሩ ቴስታታው ጠፍጣፋ ነው። ይህን ቁጥር፣ 120ን፣ አንባቢ ይያዝልኝ። እስከ 1947 ድረስ የዚህ ትራክተርና የታናሽ ወንድሙ የ2ኤን ምርት ወደ 300,000 ደረሰ።

ፈርጉሰን ለትውልድ አገሩም ትራክተር ማምረት ይፈልግ ነበር። የእንግሊዙ ፎርድ እሺ አላለውም። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1945 ከስታንዳርድ ሞተር ኩባንያ ኃላፊ ከሰር ጆን ብላክ ጋር ተስማማ። ስታንዳርድ ኮቨንትሪ ውስጥ ባነር ሌን በሚባለው መንገድ ላይ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር ይመረትበት የነበረ ትልቅ ፋብሪካ ነበረው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። ጁላይ 6 ቀን 1946 የመጀመሪያው ቲኢ-20 ከዚያ ወጣ። ስሙ አልተወሳሰበም፤ ትራክተር፣ እንግሊዝ፣ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ቀለሙ ግራጫ ነው፤ ሌላ ቀለም አልነበረውም።

ግን ትራክተሩ ሲደርስ ሞተሩ አልደረሰም። ስታንዳርድ አዲስ ሞተር እየነደፈ ነበር፤ ዝግጁ እስኪሆን መጠበቅ ማለት ደግሞ ሌላ ዓመት ማባከን ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ የኮንቲኔንታል ዜድ-120 ሞተር ተገዛ። ያቺ 120 እንደገና መጣች፤ መጠኑ ከፎርዱ ጋር አንድ ነው፤ አሠራሩ ግን ሌላ። የኮንቲኔንታል ቫልቮች ከላይ፣ ቴስታታው ላይ ናቸው። ችግሩ ገንዘቡ ነበር። ብሪታንያ ጦርነቱን አሸንፋ በዕዳ ተዘፍቃለች፤ ዶላር እንደ ወርቅ ይቆጠራል። ብረቱም ሆነ የሞተር መግዣው ዶላር የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቅ ስለነበር በወቅቱ የንግድ ቦርድ ኃላፊ የነበሩት ሰር ስታፎርድ ክሪፕስ ካልደገፉት በስተቀር ነገሩ አይሆንም ነበር፤ እሳቸውም ደገፉት።

የስታንዳርድ የራሱ ሞተር በ1947 ደረሰ። ሲሊንደሩ 80 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 92 ሚሊ ሜትር ምት ነበረው፤ ይዘቱ 1,850 ሲሲ። ይህ ሞተር የተገጠመለት ትራክተር አንድ ፊደል ተጨምሮለት ቲኢኤ-20 ተባለ። የአሜሪካው ሞተር ግን ወዲያው አልቀረም፤ እስከ 1948 አጋማሽ ሁለቱም ከአንድ መስመር ጎን ለጎን ይወጡ ነበር። የምርት ቁጥሩን ብቻ አይቶ “ይሄ ቀደም ያለ ነው፣ ኮንቲኔንታል መሆን አለበት” ማለት የማይቻለው ስለዚህ ነው። የሚለየው ፊደሏ ናት።

የሞተሩን ሲሊንደር ከፍቶ በካሊፐር መለካትም ሁልጊዜ አያወጣም። የኮንቲኔንታሉ ስፋት 80.96 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከስታንዳርዱ የሚበልጠው አንድ ሚሊ ሜትር በማትሞላ ልዩነት ነው። ሠላሳ ዓመት ያረሰ፣ ግድግዳው የተበላ ሲሊንደር ውስጥ ይህን ልዩነት ማመን ያስቸግራል። ምቱን መለካት ይሻላል፤ ኮንቲኔንታሉ 95.25፣ ስታንዳርዱ 92 ነው፤ ፒስተኑ አይበላውም።

የስታንዳርድ ሞተር ታሪክ ብቻውን ጽሑፍ ይወጣዋል። ኩባንያው ያንኑ ሞተር ስፋቱን ወደ 85 ሚሊ ሜትር አሳድጎ ቫንጋርድ በሚባለው የቤት መኪናው ላይ ገጠመው፤ 2,088 ሲሲ ሆነ። በ83 ሚሊ ሜትር ደግሞ ትራያምፍ ቲአር-2 የምትባለው የስፖርት መኪና ልብ ሆነ። በ1953 ቤልጅየም ውስጥ ያቤኬ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ለሙከራ የተዘጋጀችው ቲአር-2 በሰዓት ከ124 ማይል በላይ ሮጣለች። በዚያው ጊዜ የቅርብ ዘመዱ አየርላንድ ውስጥ ድንች ማሳ ላይ በሰዓት ሦስት ማይል እየተራመደ ያርስ ነበር። ትራክተሩም በ1951 የ85 ሚሊ ሜትሩን ስፋት አገኘ። ስሙ ግን አልተቀየረም፤ ቲኢኤ-20 እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ አንድ ቲኢኤ-20 ፊደሉ አንድ ሆኖ ፒስተኑ 80 ወይም 85 ሊሆን ይችላል። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ የሲሊንደሩ ቱቦ ከብሎኩ ተለይቶ የሚወጣ መሆኑ ነው። ያረጀውን 80 አውጥቶ 85 ማስገባት፣ እንዲያውም ወደ 87 ማለፍ ይቻላል፤ ብዙ ጋራዥ አድርጎታል። የሞተሩ ቁጥር 1948ን ይመሰክራል፣ ፒስተኑ ሌላ ዘመን ነው።

በ1949 ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። በብሪታንያ ቤንዚን በራሽንና በቀረጥ ታንቆ ነበር። ለገበሬው ርካሽ የነበረው የትራክተር ላምባ ነው፤ እኛ ለፋኖስና ለምድጃ ከምንጠቀምበት ነጭ ጋዝ ብዙም የማይርቅ፣ ለትራክተር ተብሎ የተዘጋጀ ነዳጅ። ይህን የሚጠጣው ትራክተር ቲኢዲ-20 ተባለ። ላምባ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይተንም። ሞተሩ በቤንዚን ተነሥቶ መሞቅ አለበት፤ ሲሞቅ ቧንቧው ወደ ላምባ ይዞራል። ሾፌሩ ሥራ ጨርሶ ከማጥፋቱ በፊት ደግሞ ወደ ቤንዚን መልሶ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ላምባ ማስጨረስ ይጠበቅበታል፤ ይህን የረሳ ሰው ጠዋት ብርድ ላይ ሲታገል ይውላል። ሳይቃጠል የቀረው ላምባ በፒስተኑ ጎን ወርዶ የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ስለዚህ ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው።

ይህ ሞተር ከሁሉም ይልቅ ለዓይን ቀላል ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የነዳጅ ጋኑን ማየት ነው። ሁለት ክዳን ካለው፣ ትልቁ ለላምባ፣ ትንሹ ለማስነሻው ቤንዚን ነው። ቀጥሎ ጭስ የሚወጣበትና ነዳጅ የሚገባበት ብረት ይታያል፤ የጭሱ ሙቀት ላምባውን እንዲያተንነው በቆርቆሮ መከለያ ተሸፍኗል። ኮምፕሬሽኑም ከቤንዚኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ላምባ ሲጨመቅ ያንኳኳልና። የሚያሳዝነው፣ ላምባው ከብሪታንያ ገበያ በ1970ዎቹ ከወጣ ወዲህ ብዙ ቲኢዲዎች መከለያቸው ተነቅሎ፣ ጋናቸው ተቀይሮ በቤንዚን እንዲሠሩ ተደርገዋል። ከውጭ ሲታዩ ቲኢኤ ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን ያው ዝቅተኛ ኮምፕሬሽን ስለሆነ ጉልበታቸው ይደክማል፤ ባለቤቱም ካርቡሬተር ሲያስተካክል ይኖራል።

ከዚያም ከላምባም ለሚወርድ ነዳጅ፣ በተለይ ወደ ውጭ ለሚላከው ትራክተር፣ ቲኢኤች-20 የሚባል ሌላ ወጣ። ፊደላቱ እየበዙ ሄዱ። በመሪው ፊት ባለው ዳሽቦርድ ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሰሌዳ የሚያነብ ሰው ሦስተኛዋን ፊደል ሲያይ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የትራክተሩን ስፋትም ያገኛል። ፊደል ከሌለው ወይም ቢ ከሆነ ኮንቲኔንታል ነው፤ ቢ ጠባቡ ነው። ኤ፣ ሲ፣ ኬ እና ፒ ሁሉም የስታንዳርድ ቤንዚን ናቸው፤ ኤ መደበኛው፣ ሲ ጠባቡ፣ ኬ ለወይን እርሻ የተሠራው፣ ፒ ለፋብሪካና ለመንገድ ሥራ። በላምባ የሚሠሩት በዚያው ቅደም ተከተል ዲ፣ ኢ፣ ኤል እና አር ናቸው። ኤች፣ ጄ፣ ኤም እና ኤስ የዝቅተኛው ነዳጅ ናቸው። ናፍታው ኤፍና ቲ ብቻ አለው። ፊደል አወጣጡ እንደመጣለት ነው እንጂ ሥርዓት ያለው አይመስልም፤ ካልሸመደዱት በቀር በግምት አይገኝም።

በመሃሉ ከፎርድ ጋር የነበረው የእጅ ለእጅ ስምምነት ፈርሷል። ሽማግሌው ፎርድ ሥልጣኑን በ1945 ለልጅ ልጁ ለዳግማዊ ሄንሪ ፎርድ ለቀቀ፤ የልጅ ልጁ ሒሳቡን ሲያይ ትራክተሩ እየከሰረ መሆኑን አወቀ። ሽርክናውን አቋርጦ በ1947 8ኤን የሚባለውን የራሱን ትራክተር በፈርጉሰን ፈጠራ አወጣ። ፈርጉሰን በ1948 የ251 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ሙግቱ በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ፈርጉሰን ለአሜሪካ ገበያ ዲትሮይት ውስጥ የራሱን መገጣጠሚያ አቁሞ በ1948 ቲኦ-20ን ማውጣት ጀመረ፤ ያው ትራክተር፣ ኮንቲኔንታል ሞተር። እንግሊዝ አገር ቲኢ የሚል ሰሌዳ ያለው ኮንቲኔንታል የሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ሲቀር፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ቲኦ-20 የሚል ሁሉ ኮንቲኔንታል ነው።

ፈርጉሰን ናፍታን አይወድም ነበር። ጫጫታው፣ ክብደቱ፣ ዋጋው ሁሉ አይጥመውም። ገበሬው ግን ጠየቀ፤ ተወዳዳሪዎቹም ቀደሙት። ስለዚህ ኮርንዎል ውስጥ ይሠራ የነበረው የሞተር መሐንዲስ ፍሪማን ሳንደርስ በነደፈው መሠረት ስታንዳርድ የናፍታ ሞተር አመረተ፤ ቲኢኤፍ-20 በ1951 ወጣ። ይዘቱ 2,092 ሲሲ ነው። ይኸው ሞተር በ1954 ቫንጋርድ መኪና ላይ ተገጥሞ የመጀመሪያዋን በብሪታንያ የተመረተች የናፍታ የቤት መኪና አስገኘ።

ናፍታውን ከቤንዚኑ መለየት ለጀማሪም አይከብድም። ካንዴላ የለውም፤ ከካንዴላ ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄድ ጥቁር ሽቦም የለውም። በምትኩ ከፖምፓው ተነሥተው ወደ አራት ኖዝሎች የሚሄዱ ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች አሉት። አስቂኙ ነገር የሲሊንደሩ ስፋት 80.96 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው፤ ከኮንቲኔንታሉ ጋር ልክ አንድ! ምቱ ግን 101.6 ነው። ፒስተን ብቻ በፖስታ ተልኮለት “የየትኛው ነው?” ተብሎ የሚጠየቅ መካኒክ አናቱን ማየት አለበት፤ በስፋቱ ከፈረደ ይሳሳታል።

የሞተሮቹን መለዋወጥ የሚያከብደው የትራክተሩ አሠራር ነው። ቲኢ-20 እንደ መኪና ከሥሩ ሻንሲ የለውም። ሞተሩ ራሱ አከርካሪው ነው፤ ፊቱ ላይ የፊት አክስሉ፣ ኋላው ላይ የማርሽ ሳጥኑ ይታሰርበታል። ሞተር ማውረድ ማለት ትራክተሩን ለሁለት መክፈል ነው። አንዱን እኩሌታ በክሪክ ደግፎ፣ ሌላውን በጎማው ገፍቶ ማራቅ ያስፈልጋል። ሞተሪኖውም የሚነሣው በቁልፍ አይደለም፤ የማርሽ ዘንጉን ኤስ የሚል ፊደል ወዳለበት ቦታ ሲገፉት ነው። ስለዚህም ማርሽ ውስጥ ያለ ትራክተር በስህተት አይነሣም። የፈርጉሰን ጥንቃቄ የሚታየው እዚህ ነው፤ ለማስነሻው ያሰበውን ግማሽ ያህል ለሞተሩ ስም ቢያስብ ኖሮ ብለን ብንመኝ አይፈረድብንም።

በ1953 ፈርጉሰን ኩባንያውን ከካናዳው ማሴ-ሃሪስ ጋር ቀላቀለ። ዋጋው 16 ሚሊዮን ዶላር ይሁን 17 በሚለው አልተስማሙም፤ ለአንድ ሚሊዮኑ ሳንቲም ተጣለ፤ ፈርጉሰን ተሸነፈ። ቲኢ-20 እስከ 1956 ቀጠለ፤ ምርቱ ከ517,000 አለፈ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ተተኪው ኤፍኢ-35 ወጣ፤ ኮፈኑ ግራጫ፣ ሞተሩና የማርሽ ሳጥኑ የመዳብ ቀለም ያለው። በ1957 መጨረሻ ቀለሙ ቀይ ሆነ፤ ስሙም ማሴ ፈርጉሰን 35። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ቤንዚን ወይስ ላምባ መሆኑ ቀርቶ ባለ አራት ወይስ ባለ ሦስት ሆነ።

የመጀመሪያው ናፍታ 35 የያዘው የስታንዳርድ 23ሲ የሚባለውን አራት ሲሊንደር ሞተር ነበር፤ 2,258 ሲሲ። ብርድ ላይ አልነሣ በማለት ስሙ ጠፍቷል። በጠዋት ከቁልቁለት ላይ ካልገፉት፣ ወይም ባትሪ ካልጨረሱበት የማይነሣ ነው እየተባለ ዛሬም ይታማል። በ1959 ማሴ ፈርጉሰን ሁለት ነገር ገዛ፤ የባነር ሌኑን የትራክተር ፋብሪካ ከስታንዳርድ፣ ፒተርቦሮ ውስጥ ያለውን የፐርኪንስ የናፍታ ሞተር ኩባንያ ደግሞ ከነሙሉው። ፍራንክ ፐርኪንስ ከኢንጂነር ቻርልስ ቻፕማን ጋር በ1932 ያቋቋመው ኩባንያ ነው። በ1959 መጨረሻ ላይ 23ሲው ወጥቶ የፐርኪንስ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ገባ።

የፐርኪንስ አሰያየም ከፈርጉሰን ፊደላት በኋላ እፎይ የሚያሰኝ ነው። ኤ-3.152 ሲል፣ ኤ ለግብርና መሆኑን ይናገራል፤ 3 የሲሊንደሩ ብዛት ነው፤ 152 በኪዩቢክ ኢንች ይዘቱ፣ በእኛ ልክ 2.5 ሊትር። ይህ ሞተር ብርድ አይፈራም፤ ድምፁም የተለየ ነው፤ ባለ አራቱ ሳይቆራረጥ ሲያጉረመርም፣ ባለ ሦስቱ ይቆጥራል። ለዓይን ደግሞ ኖዝል መቁጠር ነው። ሰሌዳው ላይም ይለያል፤ ኤስዲኤም ብሎ የሚጀምረው የምርት ቁጥር የአራት ሲሊንደር ናፍታ ነው፤ ኤስኤንኤም የሚለው ባለ ሦስቱ። ዛሬ በእንግሊዝና በአየርላንድ የአሮጌ ትራክተር ጨረታ ላይ ባለ ሦስቱ 35 ከባለ አራቱ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። ባለ አራት ሆነው ከፋብሪካ የወጡ ግን በኋላ ሦስት የተገጠመላቸው ስላሉ ኤስዲኤም የሚል ሰሌዳ ከሦስት ኖዝል ጋር ማየት ብርቅ አይደለም።

አሮጌው ቲኢ-20 ያን ያህል እንዳላረጀ ያሳየው በ1958 መጀመሪያ የሆነው ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን አሳሹ ሰር ኤድመንድ ሂላሪ ሰንሰለት የተገጠመላቸውን ሦስት ፈርጉሰኖች እየነዳ ደቡብ ዋልታ ደረሰ፤ በየብስ በተሽከርካሪ እዚያ የደረሰ ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም። ፈርጉሰን በኦክቶበር 1960 ሞተ።

ወደ እኛ አገር፣ ወደ ኢትዮጵያ፣ የመጣው የዚህ ቤተሰብ ታናሽ ወንድም ነው። ማሴ ፈርጉሰን የሚለው ስም ስንዴ በሚታረስባቸው አካባቢዎቻችን ለሰው አዲስ አይደለም። በ1964 መጨረሻ የወጣው 135 ያንኑ የ152 ቤተሰብ ሞተር፣ ኤዲ-3.152ን ይዞ መጥቷል፤ ዲ የተጨመረችው ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ መሆኑን ለመናገር ነው። ትራክተር በእኛ ዘንድ ያመጣው ሁሉ ደግ አልነበረም፤ በ1967 በስዊድን ዕርዳታ በተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት አካባቢ የመሬት ባለቤቶች ትራክተር ማስገባት ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቅሏል። ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው።

ባነር ሌን በ2002 ተዘጋ። ከዚያ የወጡት ግራጫዎቹ ግን በሚያስገርም ብዛት አሁንም ይነሣሉ፤ መለየቱ የከበደውም ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ በተደረገባቸው ነገር ነው። ፐርኪንስ ገና ማሴ ሳይገዛው ፒ-3 የሚባለውን ናፍታ ሞተሩን ለቲኢ-20 መቀየሪያ አድርጎ ይሸጥ ነበር፤ ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ቲኢኤ፣ ማለትም ቤንዚን፣ የሚል ሰሌዳ ያለው ትራክተር ኮፈኑ ሲከፈት ሦስት ሲሊንደር ናፍታ ሊወጣው ይችላል። ሰሌዳውን ከሌላ ትራክተር ላይ ነቅሎ የመታም አይጠፋም። ስታንዳርድ ብሎኩ ላይ ይመታው የነበረው ቁጥር የተሻለ ምስክር ነው፤ በኤስ ተጀምሮ በኢ ካለቀ ለትራክተር የተሠራ ነው፤ በቪ ከጀመረ ከቫንጋርድ መኪና የመጣ፤ ቲኤስ ከሆነማ የስፖርት መኪና ሞተር ነው፤ ባለቤቱ ይህን ካወቀ ከትራክተሩ በላይ ሞተሩን የሚፈልጉ ሰዎች በር ላይ ይሰለፉበታል።

አንድ አሮጌ ግራጫ ያለው፣ ወይም ሊገዛ ያሰበ አንባቢ ካለ፣ ጋስኬትም ሆነ ፒስተን ከማዘዙ በፊት ይህን ያድርግ፤ ሰሌዳውን ያንብብ፣ ግን አይመነው። ብሎኩን በናፍታና በሽቦ ቡሩሽ አጥቦ የተመታውን ቁጥር ከነፊደሉ ይጻፍ። ካንዴላ ወይም ኖዝል ይቁጠር፤ የነዳጅ ጋኑን ክዳን ይይ። ቴስታታው ከተከፈተ ደግሞ ስፋቱንም ምቱንም ለክቶ ይያዝ። ሰሌዳውና ብሎኩ ካልተስማሙ ዕቃ የሚታዘዘው በብሎኩ ነው።